የአንድ የመጋዘን ደፍ ታሪክ፦ ተቀጣጣይ አልኮልን በሥራ ቦታ ስለ ማስቀመጥ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን የሚማሩትን ዕጩ መምህራን ይዘን አንድ ፋብሪካ ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ዓላማችን በክፍል ውስጥ የሚማሩት ኬሚስትሪ በሥራ ቦታ ምን መልክ እንዳለው ለማሳየት ነበር። የምርቱን ክፍል ተዘዋውረን ካየን በኋላ ለእጅና ለመሣሪያ ማጽጃ የሚውለው አልኮል ከሚቀመጥበት አነስተኛ መጋዘን ደረስን። በመጋዘኑ በር ላይ ከወለሉ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ የሲሚንቶ ደፍ አለ። የደፉ አንድ ጫፍ በመዶሻ ተመትቶ ተሸርፏል። ከዕጩ መምህራኑ አንዷ፣ «ጋሼ፣ ይህ ደፍ ለምን ተሠራ?» ስትል የመጋዘኑን ኃላፊ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ «እኔ ስቀጠርም ነበረ፤ ለምን እንደተሠራ ግን የነገረኝ የለም። ጋሪ አላሳልፍ ብሎ ስላስቸገረን እያፈረስነው ነው» ብለው መለሱላት።

ኃላፊው ሥራቸውን አክባሪ ሰው ናቸው። መጋዘኑ የተጠረገ፣ መዝገቡም በወጉ የተያዘ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የእሳቸው ነው ለማለት አንደፍርም። ደፉን ያሠራው ሰው ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ሲሚንቶው ለተተኪዎቹ ሲተላለፍ ምክንያቱ ግን አብሮ አልተላለፈም። እኛም መምህራን ሆነን ሳለ ለዕጩ መምህርቷ በዚያች ሰዓት የሰጠናት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያንኑ መልስ ለማሟላት ነው። ታሪኩ ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተነሥቶ እስከ እኛው ዘመን ይደርሳል፤ ዘመኖቹም «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሚነድ ውሃ

አልኮል የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተገኘ ነው። መነሻው አል ኩሕል ሲሆን፣ እኛም ዓይን የምንኳልበትን ኩል የምንጠራበት ቃል ዘመድ ነው። ቃሉ በመጀመሪያ እጅግ የላመ ዱቄትን ያመለክት ነበር። በኋላ ግን አውሮፓውያን ከአንድ ነገር ተጣርቶ ለሚወጣ ረቂቅ ነገር ይጠሩበት ጀመር፤ በመጨረሻም ከወይን ጠጅ ተጣርቶ ለሚወጣው ፈሳሽ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በ12ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ በሳሌርኖ ከተማ የነበሩ ጠበብት ወይን ጠጅን አፍልተው፣ ተኑን አቀዝቅዘው ይህን ፈሳሽ ማውጣት ያውቁ ነበር። በላቲን ቋንቋ ይጠራበት የነበረው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚነድ ውሃ» ማለት ነው። በአገራችንም ካቲካላ የሚያወጡ እናቶች የሚጠቀሙበት ዘዴ በመሠረቱ ያው ነው፤ ድፍድፉ ይፈላል፣ ተኑ በቀሰሙ ያልፋል፣ ቀዝቅዞም ይንጠባጠባል። ደግሞ የተጣራ ዳግም አረቄ ሞቅ ብሎ ክብሪት ቢነካው በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። እንግዲህ የፈሳሹ የጥንት ስም ጠባዩን በግልጽ ይናገር ነበር ማለት ነው። ይህን እናስታውስ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ለመሆኑ የሚነደው ምኑ ነው? ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ «ፈሳሹ ነው» ብለው ይመልሳሉ። የሚነደው ግን ከፈሳሹ ላይ የሚነሣው ተን ነው። የአልኮል ተን ከአየር 1.6 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ዝቅ ባለ ቦታም ይተኛል። በአየር ውስጥ ያለው የተን መጠን ከመቶ 3.3 እጅ ካነሰ አይቀጣጠልም፤ ከመቶ 19 እጅ ያህል ከበለጠም አየር ስለሚያጥረው አይቀጣጠልም። አደጋው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከዚህ በታች የምንተርካቸው አደጋዎች ሁሉ፣ ከእነርሱም የመነጩት ደንቦች፣ በእነዚህ ጥቂት እውነቶች ላይ የቆሙ ናቸው።

ከማዕድን ጉድጓድ የመጣ ወንፊት

በ1812 በሰሜን እንግሊዝ፣ ፌሊንግ በሚባል ቦታ በሚገኝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ ፈንድቶ 92 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለጋ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን የማዕድን ሠራተኞች በጨለማው ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩት የተገለጠ ነበልባል ባለው መብራት ነበር። አደጋው ያሳሰባቸው ሰዎች ኬሚስቱን ሀምፍሪ ዴቪን መፍትሔ እንዲፈልግ ጠየቁት። ዴቪም በ1815 አንድ ቀላል ነገር አገኘ፤ ነበልባል በደቃቅ የሽቦ ወንፊት በኩል አያልፍም። ሽቦው የነበልባሉን ሙቀት ወደ ራሱ ስለሚስብ ከወንፊቱ ማዶ ያለው ጋዝ ለመቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። የዴቪ ወንፊት በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 784 ቀዳዳዎች ነበሩት።

ዛሬ በፋብሪካዎች ውስጥ አልኮል የሚያዝባቸው ከብረት የተሠሩ የደኅንነት ጣሳዎች በአፋቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ወንፊት አላቸው። ከውጭ የመጣ ነበልባል ወደ ጣሳው ውስጥ እንዳይገባ የሚያግደው እርሱ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ግን «መቅዳቱን አዘገየብኝ» ብሎ ወንፊቱን ነቅሎ ቢጥል አይፈረድበትም። ወንፊቱም እንደ ደፉ ነው፤ ታሪኩ ካልተነገረ ዕንቅፋት ይመስላል።

የደብሊን መንገዶች

ወደ ደፉ የሚያቀርበን ታሪክ የተፈጸመው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ነው። በጁን 18 ቀን 1875 ሊበርቲስ በሚባለው ሠፈር፣ በአርዲ መንገድ ላይ በሚገኝ የዊስኪ መጋዘን ውስጥ እሳት ተነሣ። በመጋዘኑ ውስጥ 5,000 ያህል በርሜል መጠጥ ነበረ። በርሜሎቹ በሙቀት እየተሰነጠቁ ሲፈነዱ ዊስኪው በበሩና በመስኮቱ ፈሰሰ፤ እየነደደም በመንገዱ ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ያገኛቸውንም ቤቶች አያያዘ።

የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ አዛዥ ጄምስ ሮበርት ኢንግራም እሳቱ ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚነደውን መጠጥ ይበልጥ ገፍቶ እንደሚያዛምተው ተረዳ። ስለዚህ አሸዋና ጠጠር፣ ቀጥሎም የፈረስ ፍግ በጋሪ አስመጥቶ በመንገዱ ላይ እንዲከመር አደረገ። ፍጉ ፈሳሹን እየመጠጠ ገደበው፤ እሳቱም በዚህ ተገታ። በዚያች ሌሊት 13 ሰዎች ሞቱ። የሚያስገርመውም የሚያሳዝነውም፣ ከእነዚህ መካከል በእሳት የተቃጠለ ወይም በጭስ የታፈነ አንድም አልነበረም። ሁሉም የሞቱት በመንገድ ላይ የሚፈሰውን ያልተበረዘ መጠጥ እየቀዱ በመጠጣታቸው፣ በአልኮል ተመርዘው ነው።

የኢንግራም የፍግ ክምር ደፍ ነበረ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በመጋዘኑ በር ላይ አስቀድሞ መሠራት የነበረበት፣ እሳቱ ከወጣ በኋላ በመንገድ ላይ በጥድፊያ መሠራቱ ነው። አንድ ጋት የሚሆን ደፍ 5,000 በርሜል ባልገደበ ነበር፤ ነገር ግን ለትንሽ መጋዘን ትንሽ ደፍ፣ ለትልቅ መጋዘንም ትልቅ ግድብ የሚያስፈልገው በዚያው በአንዱ ምክንያት ነው፤ የሚነድ ፈሳሽ በፈሰሰበት ቦታ መቅረት አለበት፣ ወደ ሌላ ክፍል፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ውሃ ቦይ መሄድ የለበትም።

አደጋን በቴርሞሜትር መለካት

ከደብሊን እሳት አራት ዓመት በኋላ በ1879 የእንግሊዝ መንግሥት የፔትሮሊየም ሕጉን አሻሻለ። የሕጉ ዓይነተኛ ክፍል ኬሚስቱ ፍሬዴሪክ አቤል የነደፈው መለኪያ ነበር። ባለሙያዎች ፍላሽ ፖይንት የሚሉትን እኛ የብልጭታ ነጥብ እንበለው። ይህም አንድ ፈሳሽ በላዩ ላይ ነበልባል ቢያልፍበት ብልጭ ለማለት የሚበቃ ተን የሚሰጥበት ዝቅተኛው የሙቀት ደረጃ ነው። ቀድሞ ይህ ይለካ የነበረው አፉ በተከፈተ ጽዋ ነበር። ነፋስ ተኑን እየወሰደ ውጤቱን ስለሚያዛባው አቤል ጽዋው ክዳን እንዲኖረው አደረገ። ሕጉም በዚህ በተከደነ ጽዋ ተለክቶ የብልጭታ ነጥቡ ከ73 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ22.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያነሰውን ፔትሮሊየም በጥብቅ ቍጥጥር ሥር አዋለው።

የዚህ መለኪያ ጥቅም አደጋን ከግምት አውጥቶ በቁጥር ማስቀመጡ ነው። ንጹሕ የእህል አልኮል፣ ማለትም ኤታኖል፣ የብልጭታ ነጥቡ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ነጥቡ ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለው መጠጥ እንኳ በ26 ዲግሪ ገደማ ብልጭታ ሊይዝ ይችላል። «ውሃ ተቀላቅሎበታልና አይነድም» የሚለው አነጋገር ስሕተት መሆኑን ይህ ቁጥር ብቻውን ያስረዳል።

የሚነደው ውሃ መድኃኒት ሲሆን

እስከዚህ ድረስ አልኮል በመጋዘን የሚታወቀው መጠጥ ሆኖ ነው። በፀረ ተዋስያንነት ወደ ሥራ ቦታ የገባው ቀስ በቀስ ነበር። በ1881 ሮበርት ኮኽ የተለያዩ ፀረ ተዋስያንን ሲመረምር አልኮል የአባ ሰንጋን ዘር መግደል እንዳልቻለ አየ፤ ስለዚህ አልኮል ለጊዜው ብዙ ግምት አልተሰጠውም። በ1888 ግን ፓውል ፍዩርብሪንገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ለቀዶ ጥገና እጅን በአልኮል መታጠብን አስተማረ። በ1903 ደግሞ ሃሪንግተንና ዎከር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አልኮል ተዋስያንን በብርቱ የሚገድለው ንጹሕ ሲሆን ሳይሆን ከመቶ 60 እስከ 70 እጅ ሲሆን መሆኑን አሳወቁ። የተዋስያኑን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃም ያስፈልጋልና ነው። በ1920 በአሜሪካ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ጋዝ አይሶፕሮፒል አልኮልን በፋብሪካ ማምረት ሲጀመር የፀረ ተዋስያኑ ምንጭ ይበልጥ ሰፋ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተለወጠ። ፈሳሹ ያው ሆኖ ስሙ ተለወጠ። «የሚነድ ውሃ» የተባለው ነገር በጠርሙስ ላይ የመድኃኒት ምልክት ተለጥፎበት ወደ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ምግብ፣ ወደ መድኃኒትና ወደ መሣሪያ ፋብሪካዎች ገባ። መጠጥ ጠማቂውና መጋዘን ጠባቂው ከመቶ ዓመታት ልምድ እሳቱን ይፈሩት ነበር። መድኃኒት ብሎ የተቀበለው ሰው ግን የሚያስበው ስለሚገድላቸው ተዋስያን ነው። የደፉ ምክንያት መረሳት የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ግላስጎው፣ 1960

የቆየ ልምድም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ፣ በቺፕሳይድ መንገድ ላይ ከ1 ሚሊዮን ጋሎን በላይ፣ ማለትም 4.5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ዊስኪና ሮም በእንጨት በርሜሎች የተከማቸበት መጋዘን ነበር። በማርች 28 ቀን 1960፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ የእሳት አደጋ መከላከያ ጥሪ ደረሰው። ሠራተኞቹ ደርሰው ውሃ በመርጨት ላይ ሳሉ፣ በውስጥ በርሜሎቹ በሙቀት እየላሉ ተናቸውን ለቀቁ። ተኑ በተዘጋው ሕንፃ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ቀደም ሲል ወዳመለከትነው አደገኛ መጠን ደረሰ። ልክ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ሲሆን ሕንፃው ፈንድቶ ግድግዳዎቹ በግራና በቀኝ ባሉት መንገዶች ላይ ወደቁ። 14 የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞችና 5 የንብረት አድን ቡድን አባላት፣ በድምሩ 19 ሰዎች፣ ከግንቡ ሥር ቀሩ።

ከጥሪው እስከ ፍንዳታው የነበረው ጊዜ 34 ደቂቃ ብቻ ነው። ከግላስጎው የምንማረው እንግዲህ፣ ብዙ አልኮል በአንድ ጣራ ሥር ሲከማች ተኑ መውጫ ካላገኘ ሕንፃው ራሱ እንደ ቦምብ ሊሆን እንደሚችል ነው። መጠንን መወሰን፣ መጋዘንን ከሰው መለየትና አየር ማስተላለፍ የሚባሉት ሦስት ነገሮች የተያያዙ ናቸው።

ምክንያቱ ወደ ደንብ ሲገባ

በአሜሪካ ስለ ተቀጣጣይ ፈሳሾች አቀማመጥ የሚናገር የደንብ ረቂቅ ለከተሞች የቀረበው በ1913 ነው፤ ያቀረበውም በ1896 የተመሠረተው የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ማኅበር ነበር። በ1971 ደግሞ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በፋብሪካዎች ሁሉ የሚሠራ ደንብ አወጣ። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉት ቁጥሮች ጥቂት ምሳሌ ይሁኑን።

እንዲህ ያሉ ፈሳሾች የሚቀመጡበት የብረት ቁም ሣጥን ከ60 ጋሎን፣ ማለትም ከ227 ሊትር ያህል በላይ መያዝ የለበትም። ግድግዳው ድርብ ሆኖ በመካከሉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የአየር ክፍተት ይኖረዋል። ለ10 ደቂቃ በእሳት ሲፈተን የውስጡ ሙቀት ከ163 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ አይገባውም። ይህ እሳቱን ለዘለዓለም ለመቋቋም የታሰበ አይደለም፤ በውስጥ ያሉት ሠራተኞች የሚወጡበትን ጊዜ የሚገዛ ነው። የቁም ሣጥኑ በር ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደፍ አለው። በሕንፃ ውስጥ ለማከማቻ የተለየ ክፍል ከሆነ አየሩ በሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ መለወጥ አለበት፤ ወደ ሌላ ክፍል በሚወስደው በሩም ላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ ደፍ ወይም መወጣጫ ይደረጋል።

10 ሴንቲ ሜትር እንግዲህ አንድ ጋት ያህል ነው። ዕጩ መምህርቷ የጠየቀችው ደፍ ይህ ነው።

ወደ እኛ ዘመን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ሁለት ዓይነት የእጅ ማሻሻ ፈሳሾችን አጽድቋል፤ አንዱ ከመቶ 80 እጅ ኤታኖል፣ ሌላው ከመቶ 75 እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለባቸው ናቸው። የብልጭታ ነጥባቸው በቅደም ተከተል 17.5 እና 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ድርጅቱ ራሱ ገልጿል። ሁለቱም አቤል በ1879 በአደገኛነት ከለየው ከ22.8 ዲግሪ በታች ናቸው። ድርጅቱ አክሎም፣ ልዩ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተላለፊያ መሣሪያ በሌለው ቦታ በአንድ ጊዜ ከ50 ሊትር በላይ እንዳይዘጋጅ አስጠንቅቋል።

ለእኛ አገር መምህራን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የብልጭታ ነጥብ በመጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው በባሕር ወለል ባለው የአየር ግፊት ተለክቶ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሹ በቀላሉ ይተናል፤ የብልጭታ ነጥቡም በ6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በመጽሐፍ 17.5 የተባለው በእኛ ደጋ ከተሞች ወደ 11.5 ይጠጋል ማለት ነው። «አገራችን ቀዝቃዛ ነው» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ ከዚያ በፊት አልኮል በብዛት ይዞ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ ባለ 5 እና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሳኒታይዘር መግዛት ጀመረ። ጀሪካኖቹ በደረጃ ሥር፣ ከመብራት ቆጣሪ አጠገብ፣ ከወረቀትና ከካርቶን ጋር ሲቀመጡ አይተናል። ከፊንጫ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው ኤታኖል ከ2008 ጀምሮ ከመቶ 5 እጅ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለመኪና ነዳጅነት ውሎ ነበር። አንድ ጀሪካን ቤንዚን በደረጃ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ቢገኝ ሁላችንም እንጮኻለን። ከዚያው ቤተ ሰብ የሆነውን ፈሳሽ ግን መድኃኒት ስለተባለ ብቻ ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 በአሜሪካ ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ በምትገኘው በካርሰን ከተማ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የተመረተ ብዙ የእጅ ማጽጃ የተከማቸበት መጋዘን ተቃጠለ። አልኮሉ ከእሳት ማጥፊያው ውሃ ጋር ሆኖ በፍሳሽ ቦዮች አድርጎ ዶሚንጌዝ ወደሚባለው ቦይ ገባ። በውሃው ውስጥ ብስባሴን አስከትሎ የበሰበሰ ዕንቍላል የሚሸት ጋዝ አስነሣ፤ ሽታው ለሳምንታት ስለቆየ በሺህ የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው በሆቴል እስከ መቀመጥ ደረሱ። ከደብሊን እሳት 146 ዓመት በኋላ፣ ደንቡን በጻፈችው አገር፣ ፈሳሹ እንደገና ከመጋዘን ወጥቶ ሄደ።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

አሠሪ የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ያስገድዳል። ሕጉን በመጋዘን ውስጥ የሚፈጽሙት ግን ትናንት ከክፍላችን የወጡት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ምክንያቱን ማስተላለፍ የእኛ ድርሻ ነው።

ለዚህም እሳት የሚያስነሣ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ መጋዘን 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የዚህ ከመቶ 3.3 እጅ ሲሰላ 742.5 ሊትር ተን ይሆናል። በባሕር ወለል ግፊትና በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ንጹሕ ኤታኖል 420 ሊትር ያህል ተን ይሰጣል። ስለዚህ 2 ሊትር የማይሞላ ኤታኖል ፈስሶ ቢተን ክፍሉን በሙሉ ወደ አደጋ ወሰን ለማድረስ ይበቃል። ተኑ ከባድ በመሆኑ ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ከዚያም ቀድሞ አደገኛ ይሆናል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት።

ከስሌቱ በኋላ እያንዳንዱን ደንብ ከታሪኩ ጋር ማያያዝ ይቻላል። በሥራው ቦታ ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይቀመጥ፤ የቀረው በተለየ ክፍል ይሁን፤ ግላስጎውን እናስታውስ። የአየር መውጫው ከወለሉ አጠገብ ይደረግ፤ ተኑ ይተኛልና። ዕቃው ሁልጊዜ ይከደን፣ በላዩም የያዘው ነገር ስምና «ተቀጣጣይ» የሚል ቃል ይጻፍበት። የመብራት ማብሪያ፣ ሞተርና የሚበየድ ብረት ይራቁት። ከብረት በርሜል ወደ ብረት ጣሳ ሲቀዳ በሰበቃ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳያስነሣ ሁለቱ በሽቦ እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር ይገናኙ። ከበረኪና፣ ከክሎሪን ዱቄትና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተለይቶ ይቀመጥ። በመውጫ መንገድና በደረጃ ሥር ፈጽሞ አይቀመጥ። ለማጥፊያም ደረቅ ዱቄት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ለአልኮል የተለየው አረፋ ይዘጋጅ፤ ተራውን አረፋ አልኮል ያፈርሰዋልና። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ሊታይ እንደማይችልም ለልጆቹ እንንገራቸው።

ይህን ከማስተማራችን በፊት ግን የራሳችንን ቤተ ሙከራ ዕቃ ቤት ከፍተን እንይ። በስፒሪት መብራት የምናነደውና በእጃችን ላይ የምናፈሰው ፈሳሽ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ ክዳኑ ላልቶ የምናገኘው ከሆነ የመጋዘኑን ኃላፊ የምንወቅስበት አፍ የለንም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእኛም ነው።

ወደ ፋብሪካው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰን ነበር። በመጀመሪያው ጉብኝት ማግሥት ስለ ደፉ የምናውቀውን በአንድ ገጽ ጽፈን ለኃላፊው ልከንላቸው ስለነበር፣ ምን እንዳደረጉ ለማየት ጓጉተናል። የተሸረፈው ጫፍ በአዲስ ሲሚንቶ ተጠግኗል። ከውጭና ከውስጥ በኩልም ዝቅ እያለ የሚወርድ መወጣጫ ተሠርቶለት ጋሪው ያለ ችግር ያልፋል። ኃላፊው የላክነውን ወረቀት በበሩ ላይ ለጥፈውት አገኘን። «ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው መዶሻ እንዳያነሣ ነው» አሉን።